ማቀዝቀዣ ባክቴሪያን ስለማይገድልበት ምክንያት

በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ምግቡ «ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቷል» ከተባለ ከክፉ ነገር ሁሉ የዳነ ይመስላል። ይህ አሳብ የተሳሳተ መሆኑን ለመረዳት ባክቴሪያ ብርድ ሲያገኘው የሚያደርገውን መመልከት ያስፈልጋል።

በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ እንውሰድ። በ37 ዲግሪ ሲራባ ቆይቶ በድንገት ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ ለጥቂት ሰዓታት ዕድገቱን ያቆማል። የሞተ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ነው። የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ የተጻፈበት አር ኤን ኤ እንደ ፈትል ቀጭን ስለ ሆነ ብርድ ሲነካው በራሱ ላይ እየታጠፈ ይወሳሰባል። የተወሳሰበ ክር ለሸማኔ እንደማይመች ሁሉ፥ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ሊያነበው ይቸገራል።

ይህን ውስብስብ የሚፈታው የብርድ ድንጋጤ ፕሮቲን ይባላል። ከነዚህም ዋነኛው፥ እ.ኤ.አ. በ1990 የተገለጸው ሲ ኤስ ፒ ኤ፥ 70 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት እጅግ ትንሽ ነገር ነው። አሚኖ አሲዶቹ በአምስት ረድፍ ተደርድረውና ተጠቅልለው የበርሜል ቅርፅ ይሠራሉ። በበርሜሉ በአንድ ወገን ያሉት ቀለበት መሰል አሚኖ አሲዶች ነጠላውን የአር ኤን ኤ ክር ይዘው ተመልሶ እንዳይታጠፍ ይከለክሉታል። አያያዛቸው የላላ ስለ ሆነ ግን የራይቦዞሙን መንገድ አይዘጉም።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የዚህ ፕሮቲን የራሱ ትእዛዝ ነው። በ37 ዲግሪ በሰከንዶች ውስጥ ይፈርሳል፤ በብርድ ጊዜ ግን ለብዙ ደቂቃዎች ይቆያል፥ ቅርፁንም ለውጦ ለንባብ ይመቻል። ስለዚህ ያለ ሌላ ጠቋሚ ራሱ ቴርሞሜትር ነው ማለት ይቻላል። ሊቃውንት ከዚህ ዘር አራቱን ፕሮቲኖች ከባክቴሪያው ባጠፉ ጊዜ በ15 ዲግሪ ማደግ ተስኖታል።

ማቀዝቀዣን ማማታችን አይደለም። ኢ ኮላይ በ4 ዲግሪ አይራባም፤ ሳይሞት ግን ይቆያል። የባሰው ሊስቴሪያ ነው። እርሱም እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች አሉት፥ በ4 ዲግሪም ቀስ እያለ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በደቡብ አፍሪካ፥ ሳይሞቅ ከሚበላ የተዘጋጀ ሥጋ ተነሥቶ ከ1,000 በላይ ሰዎችን አሳመመ፥ ከ200 በላይም ገደለ። ከታመሙት ብዙዎቹ አራስ ሕፃናት ነበሩ፤ በሽታው ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋልና።

ሙቀትን ግን እነዚህ ፕሮቲኖች አይመክቱም። ስለዚህ ያደረ ወጥ ለብ ብሎ ሳይሆን እስኪንተከተክ ድረስ ይሙቅ። ነፍሰ ጡር ሴት ያልፈላ ወተት አትጠጣ፥ ቀዝቃዛ የተዘጋጀ ሥጋም ሳታሞቅ አትብላ። ጥሬ ሥጋ ተከድኖ ከታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ውኃው ከፈሰሰ መደርደሪያው በዚያው ቀን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ።