ልጃችሁ ከአቃቂ ወንዝ ዓሣ ይዞ ሲመጣ

እናቶችና አባቶች ሆይ፤

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ልጃችሁ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር እንደ ወጣ ጠፍቶ ውሏል። አሁን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግሩ ጭቃ ለብሶ፣ በሲባጎ የተሰኩ ሦስት ዓሦች አንጠልጥሎ ከደጃፍ ይደርሳል። «እማዬ፣ እይ! እኔ ነኝ ያጠመድኳቸው!» ይላል። በዚያች ሰዓት እናት ምን ትበል? ሥጋ በቤት ከታየ ሰንብቷል። ዓሣ ገንቢ ምግብ መሆኑንም በየጤና ትምህርቱ ስንናገር የኖርነው እኛው ነን። «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብላ ወደ ምድጃ ብታቀርበው ማን ይፈርድባታል?

ይህ ትምህርት ስለዚያች ሰዓት የተጻፈ ነው። መልሱን አስቀድመን እንንገራችሁ። ዓሣው የተያዘው ከትልቁ አቃቂ፣ ከትንሹ አቃቂ ወይም ከአባ ሳሙኤል ከሆነ አይበላ። ልጁ ግን አይመታ። የተመታ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓሣውን ወደ ቤት አያመጣም፤ እዚያው ወንዝ ዳር እሳት አንድዶ ከጓደኞቹ ጋር ጠብሶ ይበላል እንጂ። ያን ጊዜ እናት የምታውቀው ነገር የለም።

ለምን እንደማይበላ ለማስረዳት ከውኃው እንጀምር። ትንሹ አቃቂ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይወርዳሉ፤ የሚገናኙትም አባ ሳሙኤል ላይ ነው። በየሠፈሩ ያሉት ትንንሽ ወንዞችም ወደ እነዚሁ ይገባሉ። እንግዲህ ከተማው ያጠበው፣ ያፈሰሰውና በጎርፍ የተጠረገው ሁሉ መውረጃው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ከላይ ያለው ሰው እጁን ታጥቦ ይሄዳል፤ ከታች ያለው ደግሞ እጣቢውን ይቀበላል። የቆዳ ፋብሪካው፣ የጨርቃ ጨርቁ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ፣ ሁሉም የሚያልፈው በዚሁ በኩል ነው። ቃሊቲ ላይ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፤ ነገር ግን ወደ ወንዙ የሚገባው ቆሻሻ ሁሉ በማጣሪያው አያልፍም።

የአባ ሳሙኤል ግድብ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመብራት ኀይል የተሠራ ነው። ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀመረ። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር እናንሣ፦ ዱባ የሚባለው ዓሣ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ በዚያው በጣልያን ዘመን ከጣልያን አገር መጥቶ በአባ ሳሙኤል ውኃ የተለቀቀ ነው። ዱባም ሆነ አምባዛ ጭቃ ለጭቃ እየፈተሸ የሚኖር፣ በደፈረሰ ውኃ የማይቸገር ዓሣ ነው። ስለዚህ «ውኃው መርዝ ቢሆን ዓሣው ይሞት ነበር» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ዓሣው ባይሞትም መርዙን በገላው ይዞ ሊኖር ይችላል። ውኃውን የሸፈነውን እንቦጭም ተመልከቱ፤ እንቦጭ እንዲህ የሚፋፋው ቆሻሻ ያሰባው ውኃ ሲያገኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚህ ውኃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ተሐዋስያን ናቸው። የተቅማጥ፣ የተስቦና የአሜባ ተሐዋስያን ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ወንዙ ይገባሉ። እነዚህ ነፍስ ያላቸው ስለ ሆኑ እሳት ይገድላቸዋል። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ሥጋ አብስላችሁ ብሉ የምንለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነፍስ የለውም። በልዩ ልዩ ጊዜ የአቃቂን ውኃ፣ ደለሉንና በዚያ ውኃ የሚለማውን አትክልት የመረመሩ ሰዎች ክሮም፣ እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ክሮም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነው፤ እርሳስ ከአሮጌ ባትሪና ከቀለም ይመጣል። እነዚህን እሳት ምን ያደርጋቸዋል? ምንም። በወጥ ውስጥ ጨው ቢበዛባችሁ በማፍላት ታጠፉታላችሁን? ውኃው ይተናል እንጂ ጨዉ በድስቱ ይቀራል፤ እንዲያውም ይብስበታል። በዓሣ ሥጋ ውስጥ የገባ ብረትም እንደዚሁ ነው። ሎሚ ብትጨምቁበት፣ በርበሬ ብትነሰንሱበት፣ እስኪከስል ብትጠብሱት ብረቱ ከዚያው አለ። ታጥቦም አይለቅም፤ በቅርፊቱ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን በሥጋው፣ በጉበቱና በአጥንቱ ውስጥ የገባ ነውና።

እነዚህ ብረቶች በደለሉ ይቀመጣሉ። ትሉ ደለሉን ይበላል፤ ትንሹ ዓሣ ትሉን፣ አምባዛው ደግሞ ትንሹን ዓሣ ይበላል። በአምባዛው መጨረሻ ላይ ማን ተቀምጧል? የእናንተ ልጅ ነው።

«ባለፈው በልተን ምንም አልሆንም» የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነታቸውን ነው። ይህ ጉዳት እንደ ተቅማጥ በማግሥቱ አይታይም። እርሳስ በተለይ የሚጎዳው ገና በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን አእምሮ ነው። ልጁ አይታመምም፤ ትምህርት አልገባው ይላል፣ ይቅበጠበጣል፣ ደሙ ያንሳል። እናቱ «ልጄ ሰነፍ ነው» ትላለች፤ መምህሩም እንደዚያው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የምትበላው ደግሞ ወደ ጽንሱ ያልፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚገባቸው ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

በሩቅ አገር የሆነውን እንንገራችሁ። በጃፓን አገር ሚናማታ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። ሕዝቡ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሴቶችና ልጆችም ባሕሩ ሲሸሽ ከአሸዋው ውስጥ በዛጎል የሚኖሩ እንስሳትን ቆፍረው ለምግብ ያወጣሉ። በዚያች ከተማ የነበረ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። መጀመሪያ የታመሙት ድመቶች ናቸው። ተንቀጠቀጡ፣ እንደሚጨፍር ሰው ተሽከረከሩ፣ ወደ ባሕርም ወደቁ። ሰው ግን ዓሣውን መብላት አልተወም። በ1948 ዓ.ም. ሕፃናት መራመድና መናገር አቅቷቸው ወደ ሐኪም መጡ፤ በሽታው በይፋ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ራሳቸው እምብዛም ሕመም ያልታየባቸው እናቶች አካላቸውና አእምሮአቸው የተጎዳ ልጆች መውለዳቸው ነበር። ፋብሪካው ያን ፍሳሽ መልቀቅ ያቆመው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው ከታወቀ ከ12 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የአቃቂ ውኃ እንደ ሚናማታ ነው ማለታችን አይደለም፤ የብረቱ ዓይነትም መጠኑም ይለያል። ነገር ግን ለሚናማታ እናቶችም ዓሣው መልኩ ያማረ፣ ጣዕሙም የጣፈጠ ነበር። በዓይንና በምላስ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

እኛ አገር በዛጎል የሚኖረውን እንስሳ የሚበላ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በዚያ ላይ አንቆይም። ልጆቻችን የሚቆፍሩት ሌላ ነገር ነው፤ ለመንጠቆ የሚሆን ትል። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ወንዝ ዳር ያለው ጭቃ የሰው ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት ነው። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ጭቃ የነካ እጅ ዳቦ ሲይዝ ከጥፍር ሥር ወደ አፍ ይገባል። መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ (ስሙ ከልጁ መንጠቆ ጋር ገጠመ እንጂ ሌላ ነው) በባዶ እግር በኩል ቆዳ በስቶ ይገባና በአንጀት ውስጥ ደም ይመጣል። እንግዲህ ልጁ ከወንዝ ሲመለስ ዓሣውን ከመጠየቃችሁ በፊት እጁንና እግሩን በሳሙና አስታጥቡት፣ ጥፍሩንም ቁረጡለት። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይበቃል።

መንጠቆው እንዲሰጥም ልጆች እርሳስ ያስሩበታል፤ አንዳንዱም በጥርሱ ነክሶ ያጠብቀዋል። ይህ መርዙን በገዛ አፍ መጉረስ ነው። ቡሎን ወይም ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ይሰር። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አውጥቶ በቤት ምድጃ ማቅለጥማ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ጢሱ ቤተ ሰቡን ሁሉ ይመርዛል። መንጠቆ እጁን ከወጋው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል። በክረምት ደግሞ ከእንጦጦ በኩል ዝናብ ሲጥል እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ውኃ ይመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ልጅ ወደ ወንዙ አይላክ።

ታዲያ ልጁ መንጠቆውን ይጣል? አይጣል። ማጥመድ ትዕግሥት ያስተምራል፤ በመጥፎ ቦታ ከመዋልም ይሻላል። ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚሄድበት ቀን ካለ እዚያ ያጥምድ። ዝዋይ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል፦ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ ልጁ ውኃው ውስጥ ቆሞ አያጥምድ፤ በደረቅ ላይ ይቁም። የቢልሃርዝያ ተሸካሚዋ በውኃ ዳር የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው የእንዶድን ኀይል ያወቁት በዚህ ምክንያት ነው። የባለሙያው ዓይን የተከፈተው በእናቶች የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ይህን ስንጽፍ ደስ ይለናል።

የዓሣ ምግብ ለቤተ ሰቡ እንዳይቀርበት ከታወቀ ዓሣ ቤት ግዙ፤ «ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ለመጠየቅም አትፈሩ። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ ከየትም የመጣ ዓሣ ገበያ ይወጣል። (በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ እንተዋለን።) ያልተከፈተ ዓሣ ስትገዙ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ከጆሮው ሥር ያለው ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫን ሥጋው ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ዓይኑ ጎድጉዶ ስንጥቡ ከጠቆረ ተዉት። ፊሌቶ ሲሆን ዓይኑም ስንጥቡም የለም፤ አፍንጫችሁን እመኑ።

ዓሣ ቶሎ ይበላሻል፤ በገዛችሁበት ቀን ሥሩት። ሆድ ዕቃውን ስታወጡ ሐሞቱን አታፍርጡ። ጥሬ ዓሣ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ ወይም ሽንኩርት አይከተፍበት። በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት የተወደደ ነው፤ ዳሩ ግን በሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ ትል ይገኛል፤ ሎሚና ሚጥሚጣም አይገድሉትም። ለሕፃን ጥሬውም ለብለቡም አይሰጥ። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ ይብሰል። ለትንሽ ልጅ አጥንቱን በጣት ዳስሳችሁ አውጡ፤ በዱባ ሥጋ ውስጥ ቀጫጭን አጥንት ይበዛል። አጥንት ጉሮሮው ላይ ከቀረ ድርቅ ያለ እንጀራ አስውጦ ለመግፋት መሞከር ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ያ ልጅ አሁንም ደጃፍ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። «አንተ ጎበዝ አጥማጅ ነህ፤ ውኃው ነው የከዳህ» በሉት፤ ምክንያቱንም በጨዉ ምሳሌ አስረዱት፤ የሚገባው ነው። ዓሣውን ለጎረቤት አትስጡ፣ በመንገድም አታሽጡት፤ ለእናንተ ልጅ ያልሆነ ለሰው ልጅም አይሆንም። ለድመትና ለዶሮም አትጣሉት፤ የዶሮዋ እንቁላል ተመልሶ ወደ ቤታችሁ ይገባልና። ከጓሮ አትክልቱ ራቅ አድርጋችሁ ጉድጓድ ቆፍሩና ቅበሩት፤ ውሻ እንዳያወጣው አፈሩን ጠቅጥቁት፣ ዝንብ እንዳይሰፍርበትም አመድ ነስንሱበት።