ከተምር ውሃ እስከ ካርቤን፦ መዳብ ያስተማረን

በዚህ ዓመት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ደጋግመን የጠየቅነው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ይህን ሁሉ ቀመር ሸምድደን ምን ልናደርግበት ነው?» ካርቱም ላይ በሰው አገር የምንማር ልጆች ነን። ከዚህ ቀጥሎ የት እንደምንማር እንኳ አናውቅም፤ ቤተ ሙከራችንም አንድ ቁም ሳጥን ነው። ከመካከላችን የተፈጥሮ ሳይንስን ሊተዉ ያሰቡም ነበሩ። ሐሳባቸውን ያስለወጠው አንድ ሙከራ ስለሆነ እሱን እንጽፍላችኋለን።

ሙከራው ስኳርን በቤኔዲክት ሙሙት መፈተሽ ነበር። ሙሙቱ መዳብ ሰልፌት ስላለበት ሰማያዊ ነው። ከሱቅ የገዛነውን ስኳር በውሃ አሟምተን ጨመርንና በፈላ ውሃ ውስጥ አቆምነው። ቀለሙ አልተለወጠም። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ሰማያዊ! «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» ብለን ልንተወው ስንል መምህራችን ተምር በውሃ ዘፍዝፈን እንድንሞክር ነገሩን። አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ በመጨረሻም እንደ ሸክላ ቀይ ሆነ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሱቅ ስኳር ሱክሮስ ነው፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ተጣብቀው የሠሩት ስለሆነ ለመዳቡ ኤሌክትሮን አይሰጥም። በተምር ውስጥ ግን ሁለቱ ተለያይተው ይገኛሉ። ስለዚህ የሱቁን ስኳር ጥቂት ጠብታ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረን አፈላነው፤ አሲዱን በሶዳ አረፋው እስኪያቆም ካጠፋን በኋላ ብንፈትሸው እሱም ቀላ። አሲዱ ሱክሮስን ሲያለያይ ራሱ አላለቀም። እንዲህ ያለውን ካታሊስት እንለዋለን። ሥራው የሽማግሌን ይመስላል፦ ጉዳዩን ያፋጥናል፣ ከጨረሰ በኋላ ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል።

ቀዩ ዱቄት ኩፕረስ ኦክሳይድ ይባላል። በሰማያዊው ሙሙት ውስጥ እያንዳንዱ የመዳብ አተም ሁለት ኤሌክትሮን አጥቷል፤ በቀዩ ዱቄት ውስጥ ግን ያጣው አንድ ብቻ ነው። ይህ ባለ አንዱ መዳብ ጥሩ ካታሊስት ነው፤ ችግሩ አየር ሲያገኘው ቶሎ ወደ ባለ ሁለቱ መለወጡ ነው። ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ካርቤን ነው። ካርቦን እንደ ተማርነው አራት ትስስር ይፈጥራል። በካርቤን ውስጥ ያለው ካርቦን ግን ሁለት ትስስርና ለማንም ያልተሰጡ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ከሌላ ነገር ጋር ይዋሃዳል። አንቶኒ አርዱዌንጎ በ1991 እ.ኤ.አ. ካርቦኑን በአምስት አተም ቀለበት ውስጥ፣ በሁለት ናይትሮጅኖች መካከል አስቀምጦ በጠርሙስ ሊቀመጥ የሚችል ካርቤን አገኘ። በ1993 ደግሞ ከመዳብ ጋር አጣመረው።

አሠራሩ ሲነበብ ያስደነቀን እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መንገድ ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው ከዚያው ከቀዩ ኩፕረስ ኦክሳይድ ጋር ማሞቅ ነው። ኦክሳይዱ ከጨው ቀለበት ሃይድሮጅን ይወስዳል፤ መዳቡ በአንድ በኩል ካርቤኑን፣ በሌላው ክሎሪንን ይይዛል፤ ተርፎ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው።

ጥቅሙስ? አዛይድና አልካይን የተባሉ ውህዶችን ያለ ካታሊስት ለማጋጠም ብዙ ሙቀትና ጊዜ ይጠይቃል፤ ምርቱም ድብልቅ ይሆናል። በ2002 ሞርተን ሜልዳልና ባሪ ሻርፕለስ፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው፣ ባለ አንዱ መዳብ ሥራውን ፈጣንና ንጹሕ እንደሚያደርገው አሳዩ፤ በ2022 ከካሮሊን ቤርቶዚ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በካርቤን የተጠበቀ መዳብም ይህንኑ ሥራ በጥቂቱ ይሠራል። የሚገኘው ቀለበት ትራያዞል ይባላል፤ ለሚጥል በሽታ በሚሰጠው ሩፊናማይድ ውስጥም ይገኛል።

መዳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም መትተውበታል፤ ሱዳኖችም «ነሓስ» የሚሉትን ትልቅ ከበሮ ሠርተውበታል። እኛ ካርቤን የምንሠራበት ዕቃ የለንም፤ በቱቦአችን የቀረው ዱቄትም ለዚያ ሥራ ንጹሕ አይደለም። ሆኖም የመንገዱን መጀመሪያ በገዛ እጃችን ይዘነዋል። ከእኛ በኋላ ለምትመጡ እህቶችና ወንድሞች አደራችን ይህ ነው፦ ሙከራው ሰማያዊ ሆኖ ሲቀር አትጣሉት፤ ለምን እንደ ቀረ ጠይቁ።