በእጅ የሚሠራ ወረቀትና የአንዲት እኅት መተዳደሪያ

ብዙ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ለእንቁጣጣሽና ለገና የመልካም ምኞት ካርድ ለአባሎቻቸውና በውጭ አገር ላሉ ወዳጆቻቸው ይልካሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በማተሚያ ቤት የታተመውን ትተው በእጅ የተሠራውን መግዛት ጀምረዋል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ካርዱን የሚሠራው ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ ገንዘቡም መቼ ከእጁ ወጥቶ መቼ እንደሚመለስለት የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው። ይህ ጥናት የተዘጋጀው በጉባኤ ለሚያጠኑ ወገኖችና በፕሮጀክት ሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦች ነው። ከተቻለ በእጅ የተሠራ አንድ ካርድ ከነፖስታው ይዛችሁ ተቀመጡ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ስሟ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀች እኅታችን ብለን ብቻ እንጠራታለን። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት ክፍልና ጠባብ ግቢ ተከራይታ ትሠራለች። ሁለት ሴቶች በደመወዝ አብረዋት አሉ። ከእጃቸው የሚወጣው ካርድ፣ ፖስታ፣ ትንንሽ ደብተርና የሠርግ መጥሪያ ነው። ጥሬ ዕቃው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቢሮዎች የሚጥሉት ነጭ ወረቀትና ቃጫ። ወረቀቱን ከቆራሌው ትገዛለች። ጋዜጣ ግን አትቀበልም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ቢጫ ይሆናልና። ቃጫው እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው ጭረት ሲሆን፣ በደቡብ አገራችን ለገመድና ለጆንያ ሲያገለግል የኖረ ጠንካራ ነገር ነው። ወረቀቱ ብቻውን ቢሆን ካርዱ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ቃጫው ነው የሚይዘው።

ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀመራል። ማታ የተዘፈዘፈው ወረቀት ሲላላ በጁስ መፍጫ ይፈጫል። ቃጫው ከአንድ ሳንቲሜትር በማይበልጥ ቁመት ይቆረጣል፤ ረጅም ከሆነ በውሃው ውስጥ እንደ ጠጉር ይጠላለፋል። ከዚያም በኮስቲክ ሶዳ ለአራት ሰዓት ያህል ይቀቀላል። እኅታችን መጀመሪያ በአመድ ውሃ ትቀቅል ነበር፤ የአመድ ውሃም ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ይበረታል፣ ሌላ ቀን ይደክማል፣ ወረቀቱም መልኩ ይለያያል። ኮስቲክ ሶዳ እጅ ስለሚያቃጥል ያለ ጓንት አይነካም፤ ልጆችም ወደ ምድጃው አይጠጉም። የተቀቀለው ቃጫ ማንሸራተቱ ከጣት እስኪጠፋ ድረስ በብዙ ውሃ ይታጠብና በሙቀጫ ይወቀጣል። ጎረቤት በርበሬ የሚወቀጥ ይመስለዋል።

ቀጥሎ ሁለቱ በትልቅ ሳፋ ውስጥ በውሃ ይበጠበጣሉ። እኅታችን ወንፊት የተወጠረበትን የእንጨት ክፈፍ ወደ ሳፋው አጥልቃ አግድም ታወጣዋለች፤ ውሃው እየወረደ ሳለ ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ታወዛውዘዋለች። በዚህች አጭር ጊዜ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ውሃው ሲለቃቸውም ያለ ምንም ሙጫ ይጣበቃሉ። ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያወቁት ጥበብ ይኸው ነው፤ ታላላቅ ፋብሪካዎችም ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ መሠረት ነው። ወንፊቱ በአቡጀዲ ላይ ይገለበጣል፤ በላዩ ሌላ አቡጀዲ፣ በላዩ ሌላ ወረቀት እየተደረገ ይከመርና በጣውላና በድንጋይ ይጫናል። ውሃው ከተጨመቀ በኋላ እያንዳንዱ ወረቀት ከነአቡጀዲው ጥላና ነፋስ ባለበት ይሰጣል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ጠርዙ ይጠቀለላልና። በመጨረሻ በቀጭኑ የተሠራ የቡላ አጥሚት ይቀባል። ይህ ካልተደረገ ቀለም ሲነካው ወዲያው ይስፋፋል።

በዚህ ሁኔታ ሦስቱ ሴቶች በደህና ቀን 60 ያህል ጥሩ ወረቀት ያወጣሉ። የተበላሸው ወደ ሳፋው ይመለሳል።

የሚሣለውን ነገር ከየት እንደምታገኘው ጠይቄያት ነበር። «ወንድሜ፣ እኔ እንቁጣጣሽ ስሣል ነው ያደግሁት» አለችኝ። እንደምናውቀው ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሲዘፍኑ፣ ወንዶቹ አበባና ፀሐይ፣ ወፍና መልአክ በወረቀት ሥለው ለየጎረቤቱ እየሰጡ ሳንቲም ይቀበላሉ። እርሷ ግን ዘፈኑ አይሆንላትም ነበር፤ ስለዚህ ለታናሽ ወንድሟ በድብቅ ትሥልለት ነበር። ዛሬ ልጆቹ የሚያዞሩት አብዛኛው በኮፒ የተባዛ ሆኗል። የእርሷ አደይ አበባ ግን አሁንም ቅጠሎቿ አንዱ ከሌላው አይተካከሉም፤ እንዲተካከሉም አትፈልግም።

ሌላው ምንጭ የብራና መጻሕፍት ሐረግ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም (የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው) ሙዚየም አለው። እዚያ ሄዳ ጸሐፊዎቹ በገጹ ራስጌ ላይ የሣሉትን የተጠላለፈ ሐረግ በእርሳስ ትገለብጣለች። እነዚያ ሰዎች የፍየል ቆዳ ዘፍዝፈው፣ ወጥረው፣ ፍቀው ነው የሚጽፉበትን ገጽ ያዘጋጁት፤ የእርሷ ድካም ከእነርሱ አንጻር ቀላል እንደሆነ ትናገራለች። ሦስተኛው በደጇ ያለው ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥበቡን ክር እየቆጠሩ እንደሚያወጡት አይታ፣ የካርዱን ጠርዝ በዚያው አቆጣጠር በመርፌና በክር ትሰፋለች። ያየችውን ሁሉ ከተራረፈ ወረቀት በሠራችው ደብተር ትመዘግባለች። ያልተሳካውም አለበት፤ ለምሳሌ የአደይን ቢጫ ከእርድ ለማውጣት ሞክራ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እየደበዘዘ ስላስቸገራት ቀለም ወደ መግዛት ተመልሳለች።

(በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። አብያተ ክርስቲያናት ካርድ ስናዝዝ ሦስትና አራት ጥቅስ እንዲጻፍበት እንጠይቃለን። በእጅ ለምትጽፍ ሴት ይህ ሥራ ነው፤ ለተቀባዩም ቦታ አይተውለትም። የጥቅሱ ምዕራፍና ቁጥር ይበቃል፤ መጽሐፉን ገልጦ ያንብብ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በእጃችሁ ያለውን ካርድና ፖስታ ዘርግታችሁ አነጻጽሩ። ፖስታው ከካርዱ የበለጠ ወረቀት እንደሚበላ ታያላችሁ። 21 በ30 ሳንቲሜትር ከሆነ አንድ ወረቀት ሁለት ካርድ ሲወጣ፣ ፖስታ ግን አንድ ብቻ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ጉባኤ 500 ካርድ ከነፖስታው ቢያዝዝ ለካርዱ 250፣ ለፖስታው 500፣ በድምሩ 750 ወረቀት ያስፈልጋል። በቀን 60 ከተባለ ወረቀቱ ብቻ ከ12 ቀን በላይ ይፈጃል። መሣሉ፣ መስፋቱና ማጠፉ በቀን 40 ካርድ ቢሄድ ሌላ 12 ቀን ተኩል ነው። እሑድን ስናወጣ አንድ ወር ሞላ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ፀሐይ ሲኖር ነው። እንቁጣጣሽ የሚውለው በክረምት መጨረሻ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ በነዚያው ወራት አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ አያባራም። በጥር በአንድ ቀን የሚደርቀው ወረቀት በነሐሴ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል፤ አንዳንዱም ይሻግታል፣ የተቀባው ቡላም ሻጋታውን ይጠራል። ስለዚህ ለመስከረም 1 የሚሆነው ወረቀት ግንቦት ሳያልቅ ተሠርቶ፣ ደርቆ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት። የሠርጉም መጥሪያ ከፋሲካ በኋላ ስለሚበዛ ከዚሁ ሥራ ጋር ይጋጫል። እኅታችን የቤት ኪራዩን፣ የማገዶውን፣ የኮስቲክ ሶዳውንና የሁለቱን ሴቶች ደመወዝ በግንቦት ትከፍላለች፤ የሸጠችበትን ገንዘብ በመስከረም ታገኛለች። ያ ደግሞ በወቅቱ ከተከፈላት ነው። አምና አንድ ቢሮ ካርዱን በጳጉሜ ተረክቦ፣ «ደረሰኙ ገና ሒሳብ ክፍል አልደረሰም» እየተባለ ክፍያው ኅዳር ላይ ተፈጽሟል። ስድስት ወር መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ያዳናት እቁብ ነበር፤ ዕጣው በቅምጥ ለሌላ ሰው ሊሄድ ሲል ሰብሳቢው አዝነውላት ሰጧት።

እዚህ ላይ ዘዳግም 24፥14–15ን እና ያዕቆብ 5፥4ን አንብባችሁ ተነጋገሩ። ሁለቱ ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈላቸዋል፤ እኅታችን አንድም ቅዳሜ አላሳለፈችም። የእናንተ ጉባኤ ወይም ቢሮ ለአናጢው፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለካርድ ሠሪዋ ገንዘብ የሚከፍለው ዕቃውን በተረከበ በስንት ቀኑ ነው? ገንዘብ ያዡን ጠይቃችሁ ቁጥሩን በጉባኤው ፊት ተናገሩ።

ለፕሮጀክት ባልደረቦች ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። ስለ እጅ ሥራ ወረቀት ሲነሣ «እምቦጩን ለምን ወረቀት አታደርጉትም?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ሐሳቡ ደጋግሞ ይመጣል። ከእምቦጭ ወረቀት ይወጣል፤ ነገር ግን ተክሉ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ውሃ ነው። ለሽሮ ሜዳ ሴት ይህን ማስመጣት ውሃ በመኪና መጫን ነው። ጥሬ ዕቃው በደጅ ያለ ይሁን። ደግሞም እስካሁን ያየኋቸው የእጅ ሥራ ማኅበራት የደከሙት በሥልጠና እጥረት አልነበረም፤ ሥልጠናው ሞልቷል። ያጡት ሥራው በሚሠራበት ወር የሚያንቀሳቅሱት ገንዘብ ነው።

ለዚህም መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 ኤድና ሩት ባይለር የተባለች የሜኖናይት ሴት ከፖርቶ ሪኮ የጥልፍ ሠሪዎችን ሥራ ገዝታ በአሜሪካ ለወዳጆቿና ለጎረቤቶቿ መሸጥ ጀመረች። ያ ሥራ አድጎ ዛሬ ቴን ታውዘንድ ቪሌጅስ የተባለው ድርጅት ሆኗል። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትም በመመሪያው ለእጅ ሥራ ዕቃ ሠሪው ከጠየቀ ቢያንስ ከዋጋው ግማሹ ያለ ወለድ በቅድሚያ እንዲከፈል ይጠይቃል። ይህ ልግስና አይደለም፤ በኋላ ከሚከፈለው ላይ የሚታሰብ ገንዘብ ነው። እኅታችንም ርኅራኄ አትለምንም። አዝኖላት የገዛ ሰው በሚቀጥለው ዓመት እንደማይመለስ፣ ካርዱን ወድዶ የገዛ ግን ሳይጠሩት እንደሚመጣ በሥራዋ አይታለች። ጠርዙ የተጣመመ ካርድ ከደረሳችሁ መልሱት፤ ትቀይራለች።

ለመጪው እንቁጣጣሽ ለማዘዝ ያሰቡ ጉባኤዎች ደብዳቤያቸው ከሚያዝያ በፊት እንዲደርስ ያድርጉ። በደብዳቤው ላይ የካርዱ ብዛትና መጠን፣ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆን፣ ፖስታ ያስፈልግ እንደሆነና ካርዱ የሚፈለግበት ቀን ይጻፍ። ግማሹ ክፍያ ከደብዳቤው ጋር ይላክ። ቀሪውን የሚፈርመው ሰው ማን እንደሆነም ይገለጽ፤ በጳጉሜ ያ ሰው ዕረፍት ላይ የሚሆን ከሆነ፣ በእርሱ ቦታ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ጭምር።