መዝገብ ቤት ለተመደበችው ልጄ

ልጄ፣ የአይቲ ትምህርትሽን ልትጨርሺ ጥቂት ሲቀርሽ ለአፓረንትሺፕ ልደታ አንድ መሥሪያ ቤት እንደተመደብሽ እናትሽ ነግራኛለች። «ዳታ ጥበቃ ትለማመጃለሽ» ተብለሽ ሄደሽ መዝገብ ቤት ስላስቀመጡሽ ማኩረፍሽንም አልደበቀችኝም። እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ለመዝገብ ቤት አደላለሁ። ያን እያወቅሽ አንብቢኝ።

1. ቦታ ይቀየርልኝ ብለሽ ማመልከቻ አትጻፊ። እንግሊዞች ይህን ሙያ ራሱን አስችለው «የዳታ ጥበቃና የመረጃ አስተዳደር ባለሙያ» የሚል የደረጃ 4 የተለማማጅነት ሥልጠና አበጅተውለታል፤ ሰልጣኙ ተቀጥሮ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ይማራል። እኛ ዘንድ ሙያው ገና ተበታትኖ ነው ያለው፤ ከፊሉ ሕግ ክፍል፣ ከፊሉ አይቲ፣ ከፊሉ የሰው ሀብት፣ ትልቁ ድርሻ ግን መዝገብ ቤት። የአይቲ ልጆች ሰርቨሩን ይጠብቃሉ፤ ሰርቨሩ ውስጥ ስላለው ሰው ግን ብዙም አያውቁም። ገቢና ወጪ የምትመዘግበው ሴትዮ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ፣ ማን ደጋግሞ እንደሚያስወጣው፣ የትኛው አለቃ ወስዶ እንደማይመልስ ታውቃለች። እሷ አጠገብ ተቀምጠሽ የምትማሪውን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በሚሰጥ ሥልጠና አታገኚውም።

2. አዋጁን አንብቢው፣ በአማርኛው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ደግሞ በሐምሌ። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከአዋጁ በፊት ሕግ አልነበረም የሚሉሽን አትስሚ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ስለ ግል ሕይወት መከበር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ከልክሏል፤ ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ማን ያውቅ ነበር? አዲሱ ነገር አሁን ጠያቂ መሥሪያ ቤት መኖሩና የሰውየው መብት ተዘርዝሮ መጻፉ ነው፤ ስለ እኔ ምን ይዛችኋል፣ አሳዩኝ፣ የተሳሳተውን አርሙ፣ የማያስፈልገውን ሰርዙ ማለት ይችላል።

አንቀጽ ግን አትሸምድጂ። እጅሽ የገባውን ፎርም ሁሉ ይዘሽ ጠይቂ። ይህ ለምን ተጠየቀ? ማን ያየዋል? እስከ መቼ ይቀመጣል? ስህተት ቢኖርበት ማን ያርመዋል? ለዓመት ፈቃድ መጠየቂያ የእናት ስም እስከነአያቱ፣ ሃይማኖትና የትውልድ ቀበሌ የሚጠይቅ ፎርም ሊያጋጥምሽ ይችላል። ማንም አያነበውም። ከሌላ ፎርም ተገልብጦ የመጣ ነው፤ የሚሰርዘው ደፋር ስለጠፋ ብቻ ይኖራል።

3. በምሳ ሰዓት ወደ ፍርድ ቤቱ ዙሪያ ውጪ። ልደታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ምድብ ችሎቶች ያሉበት ሰፈር ስለሆነ፣ አካባቢው ክስና ማመልከቻ በሚጽፉ፣ ፎቶ ኮፒ በሚያነሱ ቤቶች የተሞላ ነው። አንዱ ጋ ገብተሽ አንድ ገጽ ኮፒ አስነሺና ተራሽን ስትጠብቂ ዓይንሽን ስክሪኑ ላይ ጣል አድርጊ። የፍቺ አቤቱታ፣ የወራሽነት ማመልከቻ፣ የልጅ ማሳደግ ክርክር፣ ሁሉም በባለቤቱ ሙሉ ስም ተሰይሞ ዴስክቶፑ ላይ ተደርድሯል። የሚቀጥለው ደንበኛ ፍላሹን ይሰካል፤ የራሱን ሲፈልግ የሌላውን ያያል፤ ቫይረስም ይዞ ይሄዳል። «ችሎት ለሕዝብ ክፍት አይደል እንዴ?» ትይኝ ይሆናል። ክፍት ነው፤ ዳኛ እያለ፣ ሥነ ሥርዓት እያለ፣ ባለጉዳዩ ማን እንደሚሰማው እያየ። ኮምፒውተር ቤቱ ግን ችሎት አይደለም።

ጸሐፊዋን አትውቀሻት፤ እንጀራዋ ነው። ከዚያ ይልቅ ባለጉዳዩን ወደዚያ የላከው ማን እንደሆነ አስቢ። «የመታወቂያ ሁለት ኮፒ ይዘው ይምጡ» የሚል ወረቀት በር ላይ የለጠፈ መሥሪያ ቤት ነው፤ የአንቺም ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው ኮፒ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ፣ ሰው ባለ 12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር ይዞ፣ ማንነቱን በሲስተም ማረጋገጥ በሚቻልበት ዘመን ሣጥን ሙሉ የመታወቂያ ኮፒ ማከማቸት ምን ይሠራል? ለፋይዳ አሥር ጣት አሻራ፣ ሁለት የዓይን ብሌንና ፎቶ ሰጥተናል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። በ2015 ክረምት ናይሮቢ ውስጥ ሰዎች ለጥቂት ሺህ ሽልንግ ብለው ዓይናቸውን ወርልድኮይን ለተባለ የዲጂታል ገንዘብ ፕሮጀክት ሲያስነሱ ሰልፉ አካባቢውን አጨናንቆ ነበር። መንግሥት ምዝገባውን አገደ፤ በ2017 ደግሞ ፍርድ ቤት የተሰበሰበው እንዲሰረዝ አዘዘ። ኬንያ የዳታ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው ከእኛ ቀደም ብላ ነው፤ ሕግ መኖሩ ሰልፉን አላስቀረም፣ ለመክሰስ ግን መንገድ ከፈተ።

4. አንድ ፋይል ምረጪና ከተከፈተበት ቀን እስከሚወገድበት ድረስ ተከተዪው። መከፈቱን ሁሉም ያሳይሻል፤ መወገዱን የሚያሳይሽ ግን ታጫለሽ። የልደታ ሰው ከሱቅ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ሲገዛ የተጠቀለለበትን ወረቀት የማንበብ ልማድ ነበረው፤ የሰው የሕክምና ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝር። ከየት መጣ? ከመጋዘን ጽዳት። የቢሮው ወረቀት በኪሎ ይሸጣል ወይም ለቁራሌው ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ሱቁ ይደርሳል። የመንግሥት ሰነድ ደግሞ በዘፈቀደ አይወገድም፤ ስለ ቤተ መዛግብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን፣ ወመዘክርን፣ ሳይጠይቁ ማቃጠልም መሸጥም የለም። መሥሪያ ቤትሽ የማቆያ ጊዜ ሠንጠረዥ እንዳለው ጠይቂ። ከሌለው፣ የልምምድ ሥራሽ ይሄው ተገኘ፤ ለአንድ ክፍል ብቻም ቢሆን አዘጋጅተሽ ውጪ። አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ ሲሸጥም ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ምን እንደቀረ ከሽያጩ በፊት ይታይ።

5. ቴሌግራም። የመሥሪያ ቤት ግሩፕ ላይ የሠራተኛ ዝርዝር ከነስልክና ደመወዙ የሚለቀቅ ከሆነ ለጫኚው ለብቻው በአክብሮት ንገሪው። በግሩፑ ላይ አታዋርጂው፤ ሰው ካዋረድሽ ሁለተኛ አይሰማሽም።

6. የንግድ ባንክን ነገር ለውይይት አንሺው። መጋቢት 2016 በሲስተም ብልሽት ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ አድረው፣ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በይፋ አወጣ፤ በየቅርንጫፉም ለጠፈ። ብልሽቱ ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ምክር ቤቱ የዳታ ጥበቃ አዋጁን አጸደቀ። አዋጁ ቀድሞ የተረቀቀ ስለሆነ አንዱ የሌላው ውጤት አይደለም፤ ለተማሪ ግን ከዚህ የተሻለ መልመጃ የለም። ገንዘቡ የባንኩ መሆኑ አያከራክርም። ብዙ ሰው «እሰይ» ብሏል፤ ገንዘብም ተመልሷል። እኔ ግን ሂሳብ ለመክፈት የሰጠሁት ፎቶ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ የሰጠሁት አይደለም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ለዕዳ ፍርድ ቤት አለ። አንድ ስም በስህተት ገብቶ ቢሆንስ? የሰውየው ጎረቤት ወረቀቱን አይቷል፤ ማስተካከያውን ግን አያይም። አንቺ ሌላ ብታስቢ ተከራከሪኝ።

7. መጠበቅ መከልከል አይደለም። ይህን በተለይ ያዢልኝ፤ ሙያው ውስጥ የሚገቡ ወጣቶች ቶሎ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። አዋጅ የተማረ ሰው «ሚስጥራዊ ነው» ማለት ይወዳል፤ ሥራ ያቀልለታላ። የአገራችን ሰው ከመረጃ መውጣት ይልቅ በመረጃ መጥፋት ነው የተጎዳው። «ፋይልህ የለም»፣ «ነገ ና»፣ «የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው»። ልደታ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ሰው ምትክም ካሳም ያገኘው በቀበሌ ፋይሉ ልክ ነው፤ ፋይሉ የጠፋበት ሰው እዚያ ተወልዶ ማደጉ ብቻውን አልረዳውም። ስለዚህ ባለቤቱ የራሱን ፋይል ሲጠይቅ ማንነቱን አረጋግጪና ቶሎ ስጪው። የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚመለከት መረጃ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ለተከለከለም እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ጨረታ ማን እንዳሸነፈ የሚጠይቅን ሰው «የግል ዳታ ነው» ብለሽ እንዳትመልሺ። አለቃ የራሱን ጉድ በሰው ሚስጥር ስም ሲሸፍን ካየሽ፣ ሥራው ይህ እንዳልሆነ ዕወቂ።

8. ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ሰዓት የአንቺ ነው። ላፕቶፕ ጠፋ፣ ኢሜይል ለሌላ ሰው ሄደ፣ ፋይል ታክሲ ውስጥ ቀረ እንበል። የዳታ ጥበቃ አዋጁ፣ ጥሰት ሲደርስ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲነገር ይጠይቃል። ሦስት ቀን ማለት ነው፤ በእኛ የደብዳቤ አሠራር ረቂቅ ተጽፎ፣ ተመርቶ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም እስኪያርፍበት ሦስት ቀን ምንም አይደለም፤ ዓርብ ከሰዓት ከሆነማ አለቀ። ስለዚህ ማን ለማን እንደሚናገር፣ ኃላፊው ከሌለ ማን እንደሚፈርም አስቀድሞ በአንድ ገጽ ይጻፍ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወጣ ስም ዝርዝርም እንደዚያው ነው። ምን እንደወጣ፣ የስንት ሰው እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ጻፊ፤ ጥፋተኛ ፍለጋው ሌላ ቀን ይሁን።

9. ስለ ራስሽም። የማንም የይለፍ ቃል አትቀበዪ፤ «አንቺ ግቢልኝና ጨርሺው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ነገ ሲጣራ ስሙ የእሱ፣ እጁ የአንቺ ይሆናል። ለመለማመጃ ብለሽ የእውነተኛ ሰው ፋይል በስልክሽ አታንሺ። የሥልጠና ዕቅድሽ በጽሑፍ ይሁን፤ በየትኛው ሳምንት የት እንደምትቀመጪ፣ ማን እንደሚከታተልሽ። የግል ድርጅት ብትገቢ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ልምምድ ውል የሚለውን አንብቢ። ሻይ አፍልተሽ፣ ፎቶ ኮፒ አንስተሽ እንዳትመለሺ።

ሪፖርትሽን ስትጽፊ አዋጁን አትገልብጪ፤ መምህራንሽ ያውቁታል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያየሽውን፣ የጠየቅሽውንና ያስተካከልሽውን ጻፊ። ሲያልቅ ለእኔም አንድ ቅጂ ላኪልኝ፤ የባለጉዳዮቹን ስም አጥፍተሽ።