ፍትሐዊነትን ከባቢሎንና ከካፋ

ፍትሐዊነትን በትርጉም አንጀምር። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ብናስገለብጣቸው ልጆቹ ለፈተና ሸምድደው ይረሱታል። ካፋ ውስጥ፣ ቦንጋ ላይ ለሚያስተምር መምህር ሁለት ጥሩ መነሻዎች አሉ፤ አንዱ ሩቅ፣ ሌላው ደጃፉ ላይ።

ከሩቁ እንነሳ። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን 282 ያህል ሕጎች ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጾ አቆመ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይህን ያድንቁ፤ ሕግ ተጽፎ መቆሙ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ አንዱን ሕግ ያንብቡ። ባለ ማዕረግ ሰው የእኩያውን ዓይን ቢያጠፋ የራሱ ዓይን ይጠፋል። የተራውን ሰው ዓይን ካጠፋ ግን ግማሽ ኪሎ ያህል የብር ማዕድን ይከፍላል። ዓይኑ የጠፋው ባሪያ ከሆነ የባሪያውን ግማሽ ዋጋ ብቻ ይከፍላል። አሁን አታብራሩ፤ «ዓይን ሁሉ እኩል አይደለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ይከራከሩ። የተጻፈ ሕግና እኩል ሕግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት። እዚህ ላይ መቸኮል ትምህርቱን ያበላሻል።

ቀጥሎ ወደ ካፋ እንምጣ። የካፋ ንጉሥ ታቶ ይባል ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር እስኪያዝ ድረስ መንግሥቱ በዚህ ሥርዓት ቆይቷል። ሥልጣንን በምክር መገደብ የሚያኮራ ቅርስ ነው። አሁንም የእኩልነትን ጥያቄ አንሱ፦ በዚያ ምክር ላይ የማን ድምፅ ይሰማ ነበር? ማንጆ የሚባሉት የካፋ ማኅበረሰብ አባላት የአገሩን በሮች ይጠብቁ ነበር፤ አዳኞችም ነበሩ። ነገር ግን ከሌላው ሰው ጋር አብሮ መብላት፣ ቤቱ መግባት፣ መጋባት ተከልክለው ኖረዋል። ክልከላው ዘውዱ ከወደቀ በኋላም አልጠፋም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ታሪክ ብቻ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የማንጆ ልጅን አስነስታችሁ ምሳሌ አታድርጉ፤ «እዚህ ክፍል ማንጆ ማነው?» የሚል ጥያቄም ከቶ አይነሳ። ይልቅ የቡድን አቀማመጡን በዕጣ አድርጉት።

በመጨረሻ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 አስነብቡ። ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ከዚያ ልጆቹ ክፍል የማጽዳት ደንብ ያውጡ፤ ማን የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ደንቡ ከተጻፈ በኋላ የሚወጣ ዕጣ ይሁን። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት «ይህ አንቀጽ ይስተካከል፣ ለሚደርሰው ሰው ይከብዳል» የሚል ልጅ ካገኛችሁ፣ ትምህርቱ ገብቶታል።