ኦቴሎን ይዘሽ ቃሊቲ ስትገቢ

ነይ እስኪ አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የሴቶች ክፍል ውስጥ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ልታስተምሪ ነው አሉ። ጎሽ የኔ አንበሳ! ደብተርሽን ከመክፈትሽ በፊት ግን ስሚኝ።

መጽሐፉን ቀድመሽ አስፈቅጂ፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። አንድ ቅጂ ብቻ ይዘሽ ብትገቢ አይክፋሽ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹ ሼክስፒርን በአማርኛ ግጥም ሲያመጣው ለመድረክ ነው፤ ለጆሮ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ያንን ወፍራም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞት የለ፣ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመውን? ወረቀት ስላጠረ ንባብ አይቀርም። አንዷ ታንብብ፣ ሌሎቹ ያዳምጡ።

ሌላው፣ ሆዴ፣ የማንንም ክስ እንዳትጠይቂ። ከፊትሽ ከሚቀመጡት መካከል በቅናት ሰው የጎዳች ልትኖር ትችላለች። በቀናተኛ ባል ስትደበደብ ኖራ አንድ ቀን እጇን ያነሳችም እንደዚሁ። በር ላይ የቆመችው ዋርድያ እህቷን በዚሁ ሰበብ አጥታ ይሆናል። «ከራሳችሁ ሕይወት ጋር አያይዙት» የሚለውን ጥያቄ እዚያ ይዘሽ አትግቢ። ስለ ኦቴሎ ሚስት ስለ ዴዝዴሞና ጠይቂያቸው። ስለራሷ ማውራት የፈለገች ራሷ ትጀምረዋለች፤ ካልፈለገችም መብቷ ነው።

በሕጉ ግን ይበልጡሻል፣ ካሁኑ እወቂው። የወንጀል ሕጉን በአንቀጽ ቁጥር ነው የሚጠሩልሽ። ኦቴሎ በ541 ይጠየቅ ወይስ በ539 ብለው ቢከራከሩ ተያቸው፤ ከዚህ የተሻለ የንባብ ትምህርት አታገኚም። 541 ክፉኛ ተነክቶ፣ በድንገት ስሜቱ ገንፍሎ የገደለን ሰው ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣዋል። 539 ግን አስቦና ተዘጋጅቶ በጭካኔ ለገደለ ነው፤ እድሜ ልክ ወይም ሞት ያመጣል። ያንቺ ሥራ «የቱ ጋ ነው እሱ?» ማለት ብቻ ነው። ያኔ አንዷ ኦቴሎ ሚስቱን ሊገድል ኢያጎን መርዝ አምጣልኝ ያለበትን ቦታ ፈልጋ ታወጣለች። ኢያጎ መርዙ ይቅር፣ አልጋዋ ላይ እነቃት ይለዋል፤ ኦቴሎ ከሚስቱ ጋር የሚጠረጥረውን ካሲዮን የመግደሉን ሥራ ደግሞ ራሱ ይወስዳል። ይኼ ደም ፍላት ነው? ክፍሉ ይፍረድ።

«ስለሚወዳት እኮ ነው የቀናው» የምትል አትጠፋም፤ ዘፈኑም ሰፈሩም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ይህችን ነገር እንዳታልፊያት፣ አደራ። አትቆጪም ታዲያ፤ ገጹን ግለጪና አሳያት። ኦቴሎ የሚስቱን አገልጋይ ኤሚሊያን ጠይቋታል፤ እመቤቴ ንጹሕ ናት ብላ ማለችለት፣ አላመናትም። ሚስቱም ምላ ነገረችው፣ አላመናትም። ካሲዮን ስለ ዴዝዴሞና መሐረብ ፊት ለፊት የጠየቀው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። የሁለት ሴቶችን መሐላ ጥሎ የአንድ ወንድ፣ የኢያጎን፣ ሹክሹክታ አመነ። ይህን በጣታቸው እየጠቆሙ ያንብቡት፤ ስብከት አያስፈልጋቸውም።

ኤሚሊያ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ። ሰው ሁሉ ስለ ኦቴሎ ሲያወራ እሷን ይረሳታል፤ እኔ ግን የዚህ ተውኔት ጀግና እሷ ናት እላለሁ። የወደቀውን መሐረብ አንስታ ለባሏ ለኢያጎ የሰጠችው እሷው ናት፤ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ አታውቅም። በመጨረሻ ባሏ ዝም በይ እያላት፣ ሰይፍ እየመዘዘባት እውነቱን ታፈርጠዋለች፤ እሷንም ይገድላታል። ይህን የምታነብ ሰው ስትፈልጊ ደፋሮቹን ብቻ አትይ፤ ዝምተኛዋንም ጠይቂያት። እንቢ ካለች ግን እሺ በይ፣ አትለምኛት።

የአልጋውን ትዕይንት ደግሞ፣ የኔ ቆንጆ፣ ቆጠራ ሲቃረብ እንዳትጀምሪው። ዴዝዴሞና መጀመሪያ አንድ ሌሊት፣ ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት፣ ኋላም ጸሎት የማድረሻ ያህል ብቻ ስትለምን መስማት ቀላል አይደለም፤ በሩ ከተቆለፈ በኋላ ይዘውት ያድራሉ። ጠዋት አንብቡትና የሚያወሩበት ሰዓት ይትረፍ። የምታለቅስ ካለች አጠገቧ ቁጭ በይ፤ አይዞሽ ብለሽ አታጣድፊያት።

በማግስቱ ጽሑፍ ስጫቸው። ኤሚሊያ መሐረቡን ይዛ ባሏ ከመምጣቱ በፊት የቆመችባትን ደቂቃ እያንዳንዷ በራሷ ግጥም ትጻፈው፤ ቤት ባይመታም ግድ የለም። የጻፉትን ለማንም አታሳዪ፣ ለእኔም ቢሆን። ቀይ እስክሪብቶሽንም ቤት ትተሽው ሂጂ።