የድግግሞሽ ቅኝት
የሬዲዮ ሞገድ መፈተሻ መሣሪያዎች አሠራር

የክራር ተጫዋች ክሩን ሲያጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያላላው ደግሞ ይወፍራል። የሬዲዮ ሞገድ መፈተሻ መሣሪያም የሚያከናውነው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ተግባር ነው። ድግግሞሹን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ እየለወጠ ሞገድ ያመነጫል፤ ሞገዱን ወደሚፈተሸው ማጣሪያ ወይም አንቴና ይልካል፤ ምላሹንም ይለካል። ይህን ሂደት የድግግሞሽ ቅኝት እንለዋለን።

ሞገዱ እንዴት ይመነጫል? ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ሲጣመሩ የኤሌክትሪክ ጉልበት በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ትራንዚስተር የባከነውን ጉልበት እየተካ ንዝረቱን ያዘልቀዋል። የ0.1 ማይክሮሄንሪ ጥቅል ሽቦ ከ25 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጋር ቢጣመር ድግግሞሹ 100 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሆናል፤ ይህም በኤፍ ኤም ሬዲዮ ክልል ውስጥ የሚገኝ ነው። ካፓሲታንሱ በአራት እጥፍ ቢያድግ ድግግሞሹ በግማሽ ይቀንሳል።

በካፓሲተሩ ምትክ ቫራክተር የተባለው ዳዮድ ሲገባ ካፓሲታንሱን በቮልቴጅ መቆጣጠር ይቻላል። በዳዮዱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያርፈው ቮልቴጅ ሲጨምር ካፓሲታንሱ ይቀንሳል፤ ድግግሞሹም ከፍ ይላል። ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚያድግ ቮልቴጅ መስጠት ብቻ ለቅኝት በቂ ነው።

ይሁን እንጂ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር በቀላሉ ይዋዥቃል። የዚህ ዓይነቱ ዑደት ድግግሞሽ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ይንሸራተታል። የኳርትዝ ክሪስታል በአንጻሩ እጅግ የጸና ነው፤ ነገር ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን የሚያስታርቀው ዘዴ «ፌዝ ሎክ» ይባላል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ደ ቤልሲዝ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለዚህ ዓይነቱ አሠራር ጽፏል። የመነጨው ሞገድ ድግግሞሽ ለ10,000 ተካፍሎ ከክሪስታል ከተገኘ 10 ኪሎኸርዝ ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነት ከታየ ቮልቴጁ ይታረማል። በዚህም 100 ሜጋኸርዝ ይጸናል። አካፋዩን 10,001 ብናደርገው ድግግሞሹ ወደ 100.01 ሜጋኸርዝ ይሸጋገራል። ቅኝቱ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ እንምጣ። ጸሐፊው የዶክትሬት ተማሪ ሳለ አንድን ጤነኛ ማጣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ውሏል። ጥፋቱ የማጣሪያው ሳይሆን የቅኝቱ ፍጥነት ነበር። የ1 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው ማጣሪያ ምላሹን ለማሟላት 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስፈልገዋል። የ1 ሜጋኸርዝ ክልል በ0.1 ሰከንድ ቢቃኝ ግን ሞገዱ በማጣሪያው ስፋት ውስጥ የሚቆየው 0.1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጉብታ ቁመቱ ያንሳል፤ ከትክክለኛ ቦታውም ይንሸራተታል። ያው ክልል በ10 ሰከንድ ሲቃኝ ማጣሪያው 10 ሚሊሰከንድ ስለሚያገኝ እውነተኛ መልኩን ያሳያል።

እንግዲህ ተማሪዎች አንድን ዕቃ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት የቅኝቱን ፍጥነት በግማሽ ቀንሱና እንደገና ለኩ። ሥዕሉ ከተለወጠ የመጀመሪያው ልኬት የችኮላ ውጤት ነበር፤ መለወጡን እስኪያቆም ድረስ ፍጥነቱን ቀንሱ። መሣሪያ ለጠየቁት ሁሉ መልስ ይሰጣል፤ በአግባቡ መጠየቅ ግን የለኪው ድርሻ ነው።